ወፍራሙ ኮለን

ፈሪዳ ዓብዱልሰላም ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ጣሪያውን ነው። ሰላምታው፣ «ግቢ፣ ተቀመጪ» መባባሉ፣ የልጆቹን ጉንጭ መሳሙ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን አመሏን የማያውቁ የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቿ በመጀመሪያው ዓመት ኩራተኛ ናት ብለው አምተዋታል። አንገቷን ቀና አድርጋ ደረጃውን ስትወርድ ያየ ሁሉ ሰው የናቀች ይመስለው ነበር። እሷ ግን ከራሷ በላይ ያለው የኮንክሪት ንጣፍ፣ ሶሌታው፣ ከተሸካሚው ምሰሶ፣ ከኮለኑ፣ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነበር የምታየው። አንድ ጊዜ ለጋብቻ ሽማግሌ ተልኮላት፣ ከጠያቂው ቤተሰብ ጋር ልትተዋወቅ በሄደችበት ቤት ሳሎኑ መሀል ቆማ፣ «ይሄን ግድግዳ ማን ነው ያፈረሰው?» ብላ ጠየቀች። ጋብቻው አልሆነም። ግድግዳው ግን ተመልሶ ተሠራ።

ሥራዋ የሕንፃን አጥንት መንደፍ ነው። አርክቴክቱ መልኩን ይስላል፤ ኮለኑ ምን ያህል ይወፍር፣ ሶሌታው ስንት ሳንቲ ይሁን፣ መሠረቱ ምን ያህል ይጥለቅ፣ በኮንክሪቱ ውስጥ የሚቀበረው ብረት፣ ፌሮው፣ የት የት ይግባ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ከልደታው ፍርድ ቤት በስተጀርባ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ አብራት ከተማረችው ከኢክላስ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ።

እናቷ ካረፉ ወዲህ የምትኖረው ከአባቷ ከጋሽ ዓብዱልሰላም ጋር ነው። ጋሽ ዓብዱልሰላም በአሥራ አራት ዓመታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ልደታ ውስጥ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቀለምና ጥቁር ሽቦ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ፈሪዳ ቁጥር የተማረችው እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ሚስማር እየቆጠረች ነው። አባቷ ሥራዋን ለደንበኛ ሲያስረዱ አንድም ቀን ልክ ገልጸውት አያውቁም። «የሕንፃ ሐኪም ናት» ይላሉ አንዱን ቀን። በሌላው ቀን ደግሞ፣ «ብረቱን የምታዘው እሷ ናት፤ እሷ ካላዘዘች አይቆምም» ይላሉ። እሷም ትስቃለች እንጂ አታርማቸውም።

ከሦስት ዓመት በፊት የጋሽ ዓብዱልሰላም ሱቅ ያለበት አሮጌ የሱቅ መደዳ ሊነሣ ሲል አሥራ ሁለቱ ነጋዴዎች ማኅበር መሠረቱና ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሊሠሩ ተስማሙ። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው፤ ድስትና ሳህን የሚሸጡ፣ ምላሳቸው የሚፈራ፣ ልባቸው ግን ሩህሩህ የሆነ ሴት። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ «የራሳችን ልጅ እያለች ሌላ ጋ ምን አስኬደን?» አሉና ንድፉ ለፈሪዳ ተሰጠ። ጋሽ ዓብዱልሰላም ያን ቀን ሱቃቸውን በግማሽ ቀን ዘጉ። ከደስታ ብዛት ሰው ማስተናገድ አልቻሉም ነበር።

ነጋዴዎቹ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ለመኑ። መደርደሪያቸው እስከ ጣሪያ እንዲደርስ ከሶሌታው በታች ወጣ ያለ አግዳሚ ተሸካሚ፣ ቢም፣ እንዳይኖር ፈለጉ። ስለዚህ ፈሪዳ ሶሌታው ያለ ቢም በቀጥታ ኮለኖቹ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ነደፈችው። እንዲህ ያለው ሥራ የሚያምረውን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፎቁ ጭነት በሙሉ ወደ ኮለን የሚወርደው በኮለኑ ዙሪያ ባለችው ጠባብ ሥፍራ ብቻ ነውና።

ፎርማኑ ጋሽ በሱፍቃድ አርባ ዓመት በግንባታ ላይ ያሳለፉ፣ ልጅ መሐንዲስ አይተው የማይደነግጡ ሰው ናቸው። መሠረቱ ተቆፍሮ ከኮለኑ ሥር የሚዘረጋውን የመሠረት ንጣፍ፣ የፉቲንጉን ውፍረት በንድፉ ላይ ሲያዩ ወረቀቱን አገላብጠው፣ «ኢንጂነር፣ ይሄ ለአራት ፎቅ ነው ወይስ ለተራራ?» አሏት።

ያን ዕለት ማለዳ ዝናብ ጥሎ ግቢው ጨቅይቶ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ከሠርግ ጥሪ በፊት ሥራውን ለማየት ባለ ታኮ ጫማ አድርገው መጥተው፣ አንድ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮባቸው «ኧረ ያዙኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። ፈሪዳ ሮጣ ደግፋ አወጣቻቸውና ወደ ፎርማኑ ዞረች።

«አዩ ጋሽ በሱፍቃድ? እርስዎም በዚሁ ጭቃ ላይ ቆመዋል፣ አልሰመጡም። እሳቸው የሰመጡት ከብደው አይደለም፤ ክብደታቸው በሙሉ በዚያች አውራ ጣት በምታክል ታኮ ላይ ስላረፈ ነው። ኮለኑም ታኮ ነው። ፉቲንጉ ከሳሳ በስቶት ይወርዳል። ሶሌታው ከሳሳ ደግሞ ሶሌታው ኮለኑን እንደ ቀለበት አጥልቆ ወደ ታች ይንሸራተታል።»

«አይሰነጠቅም መጀመሪያ? ምልክት አይሰጥም?»

«ክፋቱ እሱ ነው። ሶሌታ ሲጎብጥ ይናገራል። ይሰነጠቃል፣ ይረግባል፣ በር አልዘጋ ይላል፤ ሰው ነቅቶ ይወጣል። ሲበሳ ግን አይናገርም። እንደቆመ ነው ድንገት የሚወርደው።»

ጋሽ በሱፍቃድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው የዝምተኛ ሰው ጠብ ነው በይኛ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፉቲንጉን አንድ ሳንቲ ሳያጎድሉ ሞሉት፤ እሷንም «ልጄ» ይሏት ጀመር።

የመጀመሪያው ፎቅ ሶሌታ በኮንክሪት ከመሞላቱ ሁለት ቀን በፊት ፈሪዳ መጥታ ፌሮውን በሜትር እየለካች፣ እየቆጠረች አየችው። አንድም የጎደለ አልነበረም፤ ፈረመች። በማግሥቱ ግን በሌላ ጉዳይ፣ ግድግዳው ስለተሰነጠቀ አንድ ቤት እንደ ባለሙያ ምስክር ሆና ፍርድ ቤት ተጠርታ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ስልኳ ጠራ። ጋሽ በሱፍቃድ ናቸው።

«ልጄ፣ የቧንቧ ሰዎቹ ሶሌታው ላይ ቀዳዳ ይተውልን እያሉ ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር። ልተውላቸው?»

በዚያው ቅጽበት ስሟ ተጠራ። «ይተዉላቸው፣ ችግር የለውም» አለችና ስልኩን ዘግታ ገባች። የት ቦታ እንደሆነ አልጠየቀችም። ያልጠየቀች መሆኗንም ረሳችው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ድጋፎቹን ለማየት ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች። የሚሞላው እርጥብ ኮንክሪት ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው ታችኛው ሶሌታ ላይ በቆሙት የድጋፍ አጣናዎች ላይ ነው። ምድር ቤት ገብታ እንደ ልማዷ ቀና ስትል፣ መሀል ላይ ባለው ኮለን ጥግ የቀን ብርሃን አየች። ብርሃኑ ኮለኑን ታክኮ፣ እንደ ነጭ ጨርቅ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ቀዳዳው የኮለኑን አንድ ፊት ከጥግ እስከ ጥግ ይዞታል፤ በዚያ በኩል መያያዝ የነበረባቸው ፌሮዎች ጫፋቸው ተቆርጦ ይታያል።

«ጋሽ በሱፍቃድ!» ስትል የገዛ ድምጿ እንግዳ ሆነባት።

ሽማግሌው መጥተው ጣቷን ተከትለው አዩ። «የቧንቧው ቀዳዳ ነው። ደውዬ ጠይቄሽ...» አሉና ፊቷን ሲያዩ ንግግራቸውን አቋረጡ። «ምነው? እዚህ መሆን አልነበረበትም?»

«የትም ቢሆን ይሻል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ከዚህ በቀር የትም ቢሆን።»

ወዲያው ሥራው እንዲቆም፣ ከቀዳዳው ዙሪያ ከምድር ቤት ጀምሮ ተጨማሪ አጣና እንዲቆም አዘዘች። ቢሮ ገብታም ስሌቱን ከመጀመሪያው ሠራችው። በኮለኑ ዙሪያ ጭነቱን ከሚሸከመው ሥፍራ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ቀዳዳው ወስዶታል። ሕንፃው ባዶ እያለ ይችላል። ሱቆቹ በድስት፣ በሲሚንቶና በጨርቅ ጣቃ ሲሞሉ ግን አምስት መሸከም የሚችለው ስድስት ይጫንበታል። ውጤቱን ሳትነግራት ንድፉን ለኢክላስ ሰጠቻት። ኢክላስ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠርታ እርሳሷን አስቀመጠችና፣ «ስድስት ለአምስት» አለች።

ኢክላስ ጓደኛዋን ማጽናናት ፈለገች። «በስሌቱ ውስጥ እኮ መጠባበቂያ አለ፣ ፈሪ። ጭነቱን አብዝተን ነው የምንገምተው፤ የኮንክሪቱን ጉልበት ደግሞ አሳንሰን። ምናልባት ዕድሜ ልኩን ምንም ላይሆን ይችላል።»

«መጠባበቂያው ለማናውቀው ነገር ነው የተቀመጠው» አለች ፈሪዳ። «ይሄን ግን አውቀነዋል።»

በማግሥቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ቀዳዳውን ልትለካ ስትሄድ አባቷን ሁለት እንግዶች ይዘው ሕንፃው ሥር ቆመው አገኘቻቸው። በምርኩዛቸው ወደ ላይ እያመለከቱ ያስጎበኛሉ። «ቢም የለውም፣ አያችሁ? ለጥ ያለ ነው። ይሄንን የሚደፍር መሐንዲስ ብዙ የለም። ልጄ ናት የሠራችው» ይላሉ። እንግዶቹ «ማሻ አላህ» ይላሉ። ጋሽ ዓብዱልሰላም ዘወር ሲሉ አዩዋትና ፊታቸው በራ። «ይቺትና!»

ፈሪዳ እንግዶቹን እጅ ነሥታ ሰላም አለች። ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር፤ ግን ያን የበራ ፊት በሰው ፊት ማጥፋት አልቻለችም። «ነገ ስብሰባ ጠርቻለሁ አባባ፣ እርስዎም ይምጡ» ብቻ ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለቱ ነጋዴዎች ምድር ቤት በአጣናዎቹ መሀል፣ በብሎኬትና በጣውላ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ዓብዱልሰላም ከፊት ናቸው። ፈሪዳ ዙሪያ ጥምጥም አልተናገረችም። ቀዳዳውን አሳየቻቸው፤ ለምን አደገኛ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ በመጨረሻም፣ «የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ስልክ ላይ ተጠይቄ የት እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

ጋሽ በሱፍቃድ ከኋላ ተነሡ። «አይደለም! እሷ ቦታውን አላየችም። እኔ ግን ቆሜ እያየሁ ነው ያስቆረጥኩት። ስለ ታኮው ጫማ በገዛ አፏ አስረድታኛለች። ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«ጋሽ በሱፍቃድ፣ እርስዎ ጠይቀዋል። መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ እኔ ነኝ...»

«ኧረ በእመቤቴ!» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸውን አንሥተው። «ሌላው ሰው ጥፋተኛ ፈልጎ ያጣል፤ እኛ በአንድ ቀዳዳ ሁለት ጥፋተኛ ተሻማብን! ተቀመጡ ሁለታችሁም። አንቺ፣ ይሄን ያህል ከሆነ ለምን ዝም ብሎ አይደፈንም?»

«ይደፈናል፣ ግን ድፍኑ ብቻውን አይሸከምም፣ እትዬ ትርንጎ። የተቀደደ ልብስ ላይ ከላይ ጨርቅ ቢለጥፉበት ሲሳብ የሚለቀው በስፌቱ ነው። አሮጌና አዲስ ኮንክሪት ሲገናኝም እንደዚያው ነው፤ የተቆረጠው ፌሮም በመደፈን ብቻ አይቀጠልም። ማድረግ ያለብን ኮለኑን ማወፈር ነው። ከሥር ጀምረን በፌሮና በኮንክሪት እናለብሰዋለን፤ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ ሰፋ አድርገን ሶሌታውን እንዲቀበል እናደርጋለን። ቧንቧው ወደ ደረጃው ግድግዳ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ይህ ኮለን ከሁሉም የጠነከረው ይሆናል።»

«ከዚያስ? ጉዳቱ ምንድን ነው?»

«ይሄ አሁን ያለንበት ሱቅ ይጠባል። ኮለኑ መሀሉ ላይ ነው፤ አናቱም ስለሚሰፋ መደርደሪያ እስከ ጣሪያ አይደርስለትም።»

ሱቆቹ ገና በዕጣ አልተከፋፈሉም ነበር። እያንዳንዱ በልቡ ይህ ሱቅ ለእኔ እንዳይወጣብኝ እያለ እንደሆነ ከዓይናቸው ይታወቃል። ፈሪዳ አባቷን ማየት አልቻለችም፤ ወለሉን ታያለች። የምርኩዝ ድምፅ ሰማች።

«ይሄ ሱቅ ዕጣ ውስጥ አይግባ» አሉ ጋሽ ዓብዱልሰላም ቆመው። «እኔ እወስደዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ልክ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «ለልጅዎ ብለው ነው።»

«አዎ፣ ለልጄ ብዬ ነው። ታዲያ ለማን ብዬ ልሁን?» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ሚስማር ጣሪያ ድረስ አይደረደርም፤ ቦታ አይበቃኝም ብዬ አልሠጋም። ደግሞስ ከሁሉ የጠነከረው ኮለን ነው አላለችም? ቢያንስ የኔ ሱቅ አይወድቅም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፈሪዳ ግን ዓይኗ እንባ ስላቀረረ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጎረቤቶቿ ኩራት ያሉት አመሏ ያን ቀን ሸፈነላት።

ሲመለሱ አባትና ልጅ በልደታ ማርያም በኩል በእግራቸው ሄዱ። የቅዳሴ ሰዓት አልፎ ጧፍና ጃንጥላ የሚሸጡት ሴቶች ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። ጋሽ ዓብዱልሰላም እንደ ወትሯቸው እያንዳንዷን በስሟ እየጠሩ ሰላም አሉ። ከዚያ፣ «ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት።

«እንግዶች ነበሩ። እርስዎ ደግሞ... ደስ ብሎዎት ነበር።»

ጥቂት ሄዱ። «አንቺ ሳትወለጂ» አሉ፣ «እርጥበት የነካው ሲሚንቶ ለአንድ ሰው ሸጥኩ። ሳላውቅ ነው። ሌላውን ጆንያ ስከፍት ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። ሰውየው ሦስት ጆንያ ወስዷል፤ ቤቱን አላውቀውም፤ ኮልፌ እንደሚኖር ብቻ ነው የማውቀው። ሁለት ቀን በእግሬ ፈለግሁት። ሳገኘው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አንተ ጅል ነህ፣ ማን ያውቅብህ ነበር?› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከእኔ ሌላ ሱቅ ሄዶ አያውቅም።»

«ይሄንን ለምን አልነገሩኝም ነበር?»

«ምኑን ልንገርሽ? በጅልነት የሚኮራ አባት አለ?» አሉና ክንዷን ይዘው አስፋልቱን ተሻገሩ።

ኮለኑን ለማወፈር ሁለት ሳምንት ተኩል ወሰደ። የኮለኑን የቀድሞ ገጽ በመዶሻ አሻከሩት፤ ፌሮ ተከሉበት፤ አዲሱን ኮንክሪት ደግሞ በዚያው ቀዳዳ በኩል ከላይ አፈሰሱት። በዚህ ሥራ ላይ ጋሽ በሱፍቃድ ሌላ ሰው እጅ እንዲያስገባ አልፈቀዱም። ኮንክሪት የሚያጠቀጥቀውን ማሽን ራሳቸው ይዘው፣ ሸሚዛቸው እስኪጨቀይ ድረስ፣ «አየር እንዳይቀርብሽ፣ ሙዪ፣ ሙዪ» እያሉ ኮንክሪቱን እንደ ሴት ልጅ ያናግሩት ነበር። ፈሪዳ በየማለዳው ትመጣለች። ለተቀሩት ሶሌታዎችም አዲስ ሥርዓት አወጣች። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት በእያንዳንዱ ኮለን ዙሪያ ጣውላው ላይ በቀይ ቀለም ሰፊ ክብ ይሠመራል፤ በክቡ ውስጥ መጋዝም ሆነ ቧንቧ አይገባም። ቀለሙን በነፃ ያቀረቡት ጋሽ ዓብዱልሰላም ናቸው። በስልክ ፈቃድ መስጠትም ተወች። «ቦታው ላይ ቆሜ ካላየሁ መልስ የለኝም» ትላለች። ይህን ያህል እንዴት ይሆናል ብለው የተነጫነጩባት ተቋራጮች አሉ፤ ሌላ መሐንዲስ የፈለጉም አሉ።

ሕንፃው ባለፈው መስከረም ተመረቀ። ጋሽ ዓብዱልሰላም ወፍራሙን ኮለን አረንጓዴ ቀለም ቀብተው፣ ዙሪያውን ክብ መደርደሪያ አሠርተው ማጠፊያና ጓጉንቸር ሞሉበት። ደንበኛ ዞር ዞር እያለ ይመርጣል። ወይዘሮ ትርንጎ አንድ ቀን መጥተው አይተው፣ «ይሄማ ከኔ ሱቅ ያምራል!» ብለው ቅር አላቸው ይባላል።

ማኅበሩ በመጀመሪያው ጉባኤው የሕንፃ ጠባቂ ሆነው እንዲያገለግሉ ጋሽ ዓብዱልሰላምን መረጣቸው። ሹመቱን ከሚገባው በላይ አክብደው ነው የያዙት። በቀደም አንድ ተከራይ ማስታወቂያ ሊሰቅል መብሻ ማሽን ይዞ ሲመጣ፣ ወንበር አስመጡና ልክ ከሚበሳው ቦታ ሥር ተቀመጡ። «ልጄ ሳትመጣ አይበሳም» አሉ። ሰውየው ለመናቸው፣ ተቆጣ፣ ሰዓቱን አሳያቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። ፈሪዳ ከቢሮዋ ተጠርታ እያለከለከች መጣች። ቀና ብላ አየች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የጣት ውፍረት ያላት የብሎን ቀዳዳ ናት። ከኮለኑም ሩቅ ነው። ምንም ችግር የለውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቆሜ እያየሁት ነው።»

ጋሽ ዓብዱልሰላም ወንበራቸውን አነሡና ለሰውየው ቦታ ለቀቁለት። «ይኸው» አሉት፣ «ፈቃድ እንዲህ ነው የሚሰጠው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምሳ በልተሻል?»

አልበላችም ነበር። ሳምቡሳ አስመጥተው፣ ከአረንጓዴው መደርደሪያ አጠገብ ተቀምጠው፣ መብሻው ከውጭ እየጮኸ አብረው በሉ።